ጫማ ከተሰቀለ በኋላ ያለውን ሕይወት መዝግቡልን

ግልጽ ደብዳቤ

ለምሥራቅ ጎጃምና ለምዕራብ ጎጃም ዞን የስፖርት መምሪያዎች፣ ለባሕር ዳር ከተማ የስፖርት መምሪያ፣ ለደብረ ማርቆስና ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች፤ እንዲሁም በቤታችሁ፣ በሰፈራችሁ ወይም በዕድራችሁ አንድ የድሮ ኳስ ተጫዋች ላላችሁ ሁሉ።

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የመጣሁት በአንድ ጉዳይ ነው። በጎጃም ከተሞች ኳስ ተጫውተው ያረጁ ሰዎች አሉ። ጨዋታቸውን ያየ ሰው ጎላቸውን ያስታውሳል። ጫማ ከሰቀሉ በኋላ የኖሩትን ሠላሳና አርባ ዓመት ግን የጻፈው የለም። ይጻፍ ነው የምለው። እነሱ በሕይወት እያሉ፣ ከራሳቸው አፍ ይጻፍ።

በእኛ አገር የድሮ ተጫዋች ስሙ የሚነሣው ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው ሲታመም ነው። «የቀድሞው ዝነኛ ተጫዋች የወገን ድጋፍ ይሻል» ይባልና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይለጠፋል። ሁለተኛው ሲሞት ነው። የሕይወት ታሪኩ ቀብሩ ላይ ይነበባል። ተወለደ፣ ተጫወተ፣ አገባ፣ ወለደ፣ ታመመ፣ ዐረፈ። በቃ። ከ«ተጫወተ» እስከ «ታመመ» ያለው ዕድሜ ሙሉ በአንድ መስመር ያልፋል። እርዳታው ደግ ሥራ ነው፤ ይቀጥል። ግን ካሜራ ይዘው የሚመጡት አልጋውንና መድኃኒቱን ቀርጸው ይሄዳሉ። ሰውየው ምን ሠርቶ እንደኖረ፣ ምን እንዳሰበ፣ ማንን እንዳሳደገ የሚጠይቀው የለም።

በታወቁት እንጀምር። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። በፍጻሜው ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈች። ይህን ኳስ የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ከዚያስ? ከዚያ ደርግ መጣ። ሉቺያኖ አገር ጥሎ ጣሊያን ገባ። ሙያው መካኒክ ነበርና ጋራዥ ከፈተ። ሮም አጠገብ ኦስትያ በምትባል ቦታ ደግሞ ልጆችን ኳስ ያስተምር ነበር። በመስከረም 2015 ዓ.ም. እዚያው ጣሊያን ዐረፈ። ዋንጫ የያዘበት ፎቶ በየቦታው አለ። ጋራዥ ውስጥ ቱታውን ለብሶ ስንቶቻችን አይተነዋል?

በዚያው ፍጻሜ የመጨረሻዋን ጎል ያገባው መንግሥቱ ወርቁ ነው። እሱ አሠልጣኝ ሆነ። በ1974 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ ሊቢያ ላይ ለአፍሪካ ዋንጫ ቀረበ። በ2003 ዓ.ም. ዐረፈ። የእሱ ሁለተኛ ሕይወት ከሌሎቹ ይልቅ ይታወቃል፤ ከኳሱ አልራቀምና። ሰው እንዲታወስ የግድ ሜዳ ዳር መቆም አለበት ማለት ነው? ወፍጮ ቤት የገባውስ፣ ክህነት የተቀበለውስ፣ ለስደት የወጣውስ?

እነዚህ እንኳ አዲስ አበባ ነበሩ። ጋዜጠኛ በቅርባቸው ነበር። ጎሎቻቸውንም ቢሆን ራዲዮ ለሕዝቡ አድርሷቸዋል። የደብረ ማርቆሱ በረኛ፣ የቡሬው ተከላካይ፣ የሞጣው አጥቂ ማን አለው?

እኔ በምኖርባት ከተማ ወፍጮ ቤት የሚሠሩ አንድ ጋሼ አሉ። በረኛ ነበሩ። የቀኝ እጃቸው ትንሿ ጣት ወደ ውጭ ዞራ ቀርታለች፤ አትዘረጋም። ኮርና ሲመታ ከፓሎው ጋር ተጋጭታ ነው የተሰበረችው። ወጌሻው በጨርቅ አሰረላቸውና ሁለተኛውን አጋማሽ ተጫወቱ። አሁን በዚያች እጅ የጆንያ አፍ ይይዛሉ። ዱቄቱ ሲወርድ መዳፋቸውን ከሥር ይዘረጋሉ፤ ከዚያ በሁለት ጣት ያሹታል። ሻካራ ከሆነ ድንጋዩ መወቀር አለበት ማለት ነው። ይህን ሲያደርጉ ሞተሩ እየጮኸ ነው፤ ሴቶቹ ወረፋ ይዘው እየተጨዋወቱ ነው። እዚያ ከቆሙት መካከል በረኛ እንደነበሩ የሚያውቅ ብዙም የለም።

ኳስ ካቆሙ በኋላ የከበደዎት ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ገንዘብ ድሮስ መች ነበረ፣ ልጄ» አሉኝ። «የከበደኝ እሑድ ነው።»

እሑድ ከሰዓት ከተማው ሁሉ ወደ ሜዳ ሲወርድ እሳቸው ሌላ መንገድ ይመርጡ ነበር። ጩኸቱ ግን ቤት ድረስ ይሰማል። ጎል ሲገባ ማን እንዳገባ ሳያውቁ የገባበትን በር ከድምፁ ይለዩታል። ወደ ሜዳ የመለሳቸው ልጃቸው ነው። ትንሽ ሆኖ «አባባ፣ ውሰደኝ» ብሎ አስቸገራቸው። ሄዱ። የቆሙት ከጎሉ ጀርባ ነው፤ ዛሬም የሚቆሙት እዚያው ነው። ይህን በየትኛው መዝገብ ታገኙታላችሁ? ስንት ኳስ እንዳዳኑ እሳቸውም አልቆጠሩ። እሑድ እንዴት እንደከበዳቸው ግን ቃል በቃል ነገሩኝ። ኳስ ላቆመ ሰው ሁሉ፣ ነገ ጫማ ለሚሰቅለው ወጣትም ጭምር፣ ይህ ወሬ ስንቅ ነው።

አንድ ሌላ ቤት ደግሞ ፎቶ አለ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ክፈፉ ውስጥ ሆኖ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ስድስቱ ቆመዋል፤ አምስቱ በርከክ ብለዋል። ታኬታ ያደረጉት ጥቂቶቹ ናቸው፤ ሌሎቹ ሸራ ጫማ፣ አንዱ ባዶ እግሩን ነው። ጀርባው ላይ ስም የለም። ባለቤቱ ሞተዋል። ስሞቹን የሚያውቁት ሚስታቸው እትዬ ናቸው።

እትዬ የቡድኑን ማልያ ያጥቡ ነበር። ደመወዝ የለውም፤ ቅጥርም አይደለም። ባላቸው ተጫዋች ስለነበሩ ብቻ እሑድ ማታ የሁሉም ማልያ በአንድ ጆንያ ታጭቆ ቤታቸው ይመጣል። ሰኞ ወንዝ ወርደው በእንዶድ ያጥቡታል። የማን ማልያ የቱ ጋ እንደሚቀደድ ስለሚያውቁ የሚሰፉትም እሳቸው ናቸው። አሁን ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው ከግራ ይጀምራሉ።

ይኼ በብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ከሰሜን አልተመለሰም። ይኼ መተከል ተመድቦ አስተማሪ ሆነ፤ እዚያው ወልዶ እዚያው ጡረታ ወጣ። ይኼ ቄስ ሆኗል፤ ዛሬም ይቀድሳል፤ ኳስ ይጫወት እንደነበር ለልጆቹ አይነግርም። እነዚህ ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው፤ በሱዳን አድርገው ወጡ፤ አንዱ በዓመት በዓል ይደውላል። ይኼ የእኔው ነው። ቀጥሎ አንዱ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። «እሱን ተወው» አሉ። አለፉት።

እኔም አለፍኩት። አንድ መዝገብ ሲሠራ እንዲህ ያለውም ቦታ ይኑረው፤ ያልተነገረው ባዶውን ይቀመጥ። የቀሩት ግን የአንድ ትውልድ ጎጃሜ ዕጣ ናቸው። ጦርነቱ፣ ስደቱ፣ ክህነቱ፣ የአስተማሪነቱ ኑሮ፣ ሁሉም እዚያች ክፈፍ ውስጥ አለ። መተከል ያኔ የጎጃም ክፍለ ሀገር አካል እንደነበር የሚያስታውስ ተማሪ ዛሬ ጥቂት ነው፤ የቡድን ፎቶ ይዞ ቢጠይቅ ግን ይደርስበታል። እትዬ ደግሞ አርጅተዋል። እሳቸው የሄዱ ቀን ፎቶው ውስጥ ያሉት ሁሉ ስም የሌላቸው ሰዎች ይሆናሉ።

ጎጃም ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም። የዋሸራን፣ የዲማን፣ የደብረ ኤልያስን ጉባኤ ቤቶች አስቡ። የቅኔ ተማሪ መምህሩ ከማን እንደተማሩ፣ የመምህሩም መምህር ከማን እንደተማሩ ይቆጥራል። ከብዙ ዘመን በፊት የተዘረፈ ቅኔ ከነባለቤቱ ስም ዛሬም በቃል ይወርዳል። ተማሪው ቁራሽ እየለመነ የያዘውን እኛ ስልክ በኪሳችን ይዘን ሊያቅተን አይገባም።

አንድ ነገር ደግሞ ያስቸኩለኛል። በ2019 እ.ኤ.አ. ከግላስጎው ዩኒቨርሲቲ አንድ ጥናት ወጣ። በስኮትላንድ በሙያቸው ኳስ የተጫወቱ ሰዎችን ከሌላው ሕዝብ ጋር አነጻጸረ። ተጫዋቾቹ አእምሮን ቀስ በቀስ በሚጎዱ በሽታዎች፣ ለምሳሌ በመርሳት በሽታ፣ የመሞት ዕድላቸው ሦስት ተኩል እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ብዙዎች በቴስታ የሚመታውን ኳስ ይጠረጥራሉ። እንግሊዛዊው ሬይ ዊልሰን በ1966 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫን ያነሣ ተከላካይ ነበር። ኳስ ሲያቆም የቀብር አስፈጻሚ ሆነ፤ ከዓለም ዋንጫ ተነሥቶ ሬሳ ሲገንዝ ኖረ። ምን ያለ ታሪክ ነው! በኋላ የመርሳት በሽታ ያዘው። እንዲህ ያለውን ኑሮ ባለቤቱ ሳይረሳው መስማት ያስፈልጋል። የእኛዎቹ የቆዳ ኳስ ነበር የሚመቱት። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ በግንባር የመለሱት ሰዎች ናቸው። ጥናቱ ስለ እነሱ አልተሠራም፤ ስለዚህ እንዲህ ሆነዋል አልልም። ግን ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ትዝታም ሰውየውን ቀድሞ ይሄዳል።

ሥራው እንዴት ይሠራ የሚለውን ከልምዴ ልንገራችሁ። ስልክ ይበቃል። ከመጀመሪያው ቃል በፊት ቀኑ፣ ቦታው፣ የሁለቱም ሰው ስም በድምፅ ይነገር፤ ካልሆነ ከአምስት ዓመት በኋላ ማን እንደሚያወራ አይታወቅም። ጎሉን መጀመሪያ ጠይቋቸው፤ ደስ ይላቸዋል፣ ይሞቃሉ። ከዚያ ወደ ኋለኛው ኑሮ ውረዱ። የመጨረሻው ጨዋታ የመጨረሻ መሆኑን ያውቁ ነበር? በማግሥቱ ምን ዋሉ? ማልያው የት ገባ? መጀመሪያ ምን ሥራ ያዙ፣ ማን አስገባዎት? በደርግ ጊዜ ቡድኑ በመሥሪያ ቤትና በፋብሪካ ሥር ስለነበር ቅጥር የነበረው ጡረታ አለው፤ ያልነበረው የለውም። የሁለቱ ኑሮ የተለያየው እዚህ ላይ ነው። ይህንን በግልጽ ጠይቁ። ጉልበቱስ እንዴት ነው? ደረጃ ይወጣሉ? ልጅዎ ኳስ ልጫወት ሲል ምን አሉት? ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ታወጣለች። «ኳስ የዱርዬ ነው» ብሎ አባቱ የገረፈው ሰው ለልጁ ምን እንዳለ መስማት ነው።

ዓመተ ምሕረት ላይ አትጨቅጭቋቸው። ይጠፋቸዋል፤ ሲጠፋቸውም ያፍራሉ። «ዘመኑ ማን ነበር?» በሏቸው። ዘመነ ማርቆስ ይሁን ዘመነ ሉቃስ ብዙዎቹ ያውቃሉ፤ በተለይ ገጠር ያደጉት። 1954 ዘመነ ማርቆስ ነበር፤ ደርግ የወደቀበት 1983 ዘመነ ሉቃስ። ወንጌላውያኑ በየአራት ዓመቱ ስለሚመላለሱ ሌላ ምልክት ጨምሩበት። አዲስ አበባ ልትጫወቱ ስትወርዱ ዓባይን የተሻገራችሁት በአሮጌው ድልድይ ነው በአዲሱ? አዲሱ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ነው የተከፈተው። ከዕድገት በኅብረት ዘመቻ በፊት ነው በኋላ? እንዲህ እያደረጋችሁ ከአንድ ዓመት ስሕተት በላይ አትወጡም።

ተጫዋቹ ብቻ አይበቃም። ወጌሻው አለ። ሾፌሩ አለ፤ በጭነት መኪና ላይ ቡድኑን ጭኖ በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር ያደረሰው። ኳስ የሚሰፋው ጫማ ሰፊ አለ። ሚስትም እናትም አሉ። ኳስ የተጫወቱ ሴቶችም አሉ፤ ብዙዎቹ ሲያገቡ አቁመዋል፤ ኋላ የሆኑትን የጠየቃቸው ጭራሽ የለም። እነሱን ለብቻ ምዕራፍ አታድርጓቸው፤ ከሌላው ጋር እኩል ይግቡ።

ስለ ክብራቸውም አደራ። ቅጂው አንድ ለቤተሰቡ ይሰጥ። የታክሲና የምሳ ይከፈላቸው፤ ግማሽ ቀን ሥራ አስፈትታችኋልና። «ከሞትኩ በኋላ ይሰማ» ያሉት እስኪሞቱ ይቆለፍ። «ይኼን አጥፋው» ያሉት ይጥፋ። የእርዳታ ጥሪ አታድርጉት። ድሃ የሆነው ድህነቱን ራሱ ይናገር፤ ያለፈለትም ያለፈለትን ይናገር። ያለፈላቸው አሉኮ! ጆርጅ ዌያ ከሜዳ ወጥቶ የላይቤሪያ ፕሬዚዳንት ሆኖ ነበር። ጎጃም ውስጥም ከኳስ በኋላ ትምህርቱን ጨርሶ ሰው ያከመ፣ ሆቴል የከፈተ፣ እህል ነግዶ ልጆቹን ያስተማረ አለ። የድሮ ተጫዋች ሁሉ ተቸግሮ ነው ያለው የሚለው ወሬ ለእነዚህ ሰዎች ስድብ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

የስፖርት መምሪያዎች፣ መጋዘናችሁን ክፈቱልን። የተጫዋች መታወቂያ፣ የውድድር ፕሮግራም፣ የጉዞ አበል የተፈረመበት ወረቀት፣ ሁሉም ይፈለጋል። የአበል ወረቀት ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን ማን ወዴት እንደሄደ ከነፊርማው የሚገኘው እሱ ላይ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የድሮ መዝገብ ፍለጋ ሄጄ «ቢሮ ስንቀይር ተወገደ» ተባልኩ። የነገረችኝ ልጅ ያኔ አልተቀጠረችም፤ እሷን አልወቅስም። ያዘንኩት ለወረቀቱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ወረቀት ከመወገዷ በፊት ለዩኒቨርሲቲው ይደወል። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ አንድ ደብዳቤ ለሥር ጽሕፈት ቤቶች መበተን ብቻ ነው።

ዩኒቨርሲቲዎች፣ እናንተ የአማርኛ፣ የታሪክ፣ የጋዜጠኝነትና የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች አሏችሁ። በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ጠፋ እያሉ የሚንከራተቱ ልጆች ናቸው። ለእያንዳንዱ አንድ ሰው ስጡት። የእንጅባራው ልጅ የእንጅባራውን፣ የቢቸናው የቢቸናውን ይያዝ። ድምፁን በጽሑፍ ይገልብጥ። ሲገለብጥ አነጋገራቸውን አያቃና፤ የጎጃም አማርኛቸው እንዳለ ይቀመጥ። ድምፁና ጽሑፉ በቤተ መጻሕፍታችሁ አንድ መደርደሪያ ይኑረው። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ቅጂ ተለዋወጡ፤ አንዱ ጋ ቢጠፋ ሌላው ጋ እንዲገኝ።

የባሕር ዳር ወገኖቼ፣ የእናንተ ነገር ደስ ይለኛል። የጣና ሞገዶቹ፣ የባሕር ዳር ከተማ ቡድን፣ በ2015 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊጉ ሁለተኛ ወጥተው ለአፍሪካ መድረክ ሲበቁ ከደስታዬ ብዛት እንባዬ መጣ። ከእነሱ በፊት በዚያች ከተማ አቧራ ላይ የተጫወቱትን በዓመት አንድ ጨዋታ ላይ ጋብዟቸው። የክብር ወንበር ስጧቸው፤ ስማቸው በድምፅ ማጉያ ይጠራ። በዚያው ዕለት ጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛና መቅረጫ ይኑር። እርስ በርስ ሲገናኙ የሚያወሩትን እኛ ብንጠይቃቸው አናገኘውም። ዛሬ የሚጫወቱትንም ከአሁኑ ያዟቸው፤ ጫማቸውን የሚሰቅሉበት ቀን ሩቅ አይደለም።

ቤተሰቦች፣ እናንተ ማንንም አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ፎቶውን ከክፈፉ አውጡና በእርሳስ ጀርባው ላይ ስም ጻፉ። እስክሪቢቶ አይሁን፤ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቆሙት ጀምሩ።

ጊዜው ከባድ መሆኑን አላጣሁትም። መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ በሚዘጋበት፣ ሰው ልጁ በሰላም ስለመግባቱ በሚጨነቅበት ሰሞን የኳስ ነገር ማንሣት ለአንዳንዱ ቅንጦት ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን የምቸኩለው በዚሁ ምክንያት ነው። ሰው ከቤቱ ሲፈናቀል የሚይዘው ልጁንና ልብሱን ነው። ፎቶ ግድግዳ ላይ ይቀራል። የተቀዳ ድምፅ በሁለት ቦታ ካለ ግን አይጠፋም።

በእጄ ያለውን ጥቂት ቅጂ፣ ባለቤቶቹ የፈቀዱትን፣ ለሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ለመስጠት ዝግጁ ነኝ። ተማሪ ለሚያሰለጥንም ሰው የምጠይቃቸውን ጥያቄዎች አጋራለሁ። ሥራው በዚህ ክረምት ቢጀመር ይሻላል። ተማሪዎቹ ወደየቀያቸው ይገባሉ። ሽማግሌዎቹም ዝናብ ስለሚይዛቸው ቤት ይገኛሉ፤ ለወሬ ጊዜ አላቸው። እስከዚያ በየከተማው ያሉትን ሰዎች ስም ዝርዝር የሚይዝ አንድ ሠራተኛ ከየመምሪያው ቢመደብልን ይበቃናል። የማንን ስም እንደመደባችሁ አሳውቁኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ከደብረ ማርቆስ፣ አንድ መምህር